72 ኪሎ ሦስት ጊዜ

አንድ የጂንስ ሱሪ አለኝ። ከገዛሁት ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ጉልበቱ አካባቢ ነጣ ብሏል። ይህን ሱሪ ሦስት ጊዜ 72 ኪሎ ሆኜ ሞክሬዋለሁ። ሁለቴ ገባልኝ፣ አንዴ እንቢ አለኝ። ሚዛኑ ሦስቱንም ጊዜ 72 ነው ያለው። ሱሪው ግን በየጊዜው ሌላ ነገር ነገረኝ። ስለ ክብደት የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረኝ የሁለቱ አለመስማማት ነው።

ይህን የምጽፈው “ምን ተጠቅመሽ ቀነስሽ?” የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው። መቀነሱንማ ማን አጥቶት! እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ቀንሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ያቃተኝ የቀነስኩበት ቦታ መቆየት ነበር። ስለ እሱ ደግሞ የሚጠይቀኝ የለም።

በ34 ዓመቴ 81 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1.64 ሜትር ነው። ለሌላ ጉዳይ ስመረመር ስኳሬ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ “ገና በሽታ አይባልም፤ ግን ወደዚያ እየሄድሽ ነው፣ ክብደት ቀንሺ” አለኝ። እንዴት እንደምቀንስ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ገቢና ወጪ ሳስታርቅ እውላለሁ። ስለዚህ ነገሩ ቀለለኝ። የሚገባው ምግብ፣ የሚወጣው እንቅስቃሴ፤ ገቢውን ብቆርጠው ቀሪው ይወርዳል፤ አለቀ። ቁርስ ተውኩ። እራት ተውኩ። ምሳ ላይ ሰላጣና አንድ ቁራሽ ዳቦ ብቻ። በኋላ ሳሰላው በቀን ወደ 800 ካሎሪ ነበር። በሦስት ወር ተኩል 15 ኪሎ ወረደልኝና 66 ገባሁ። ጂንሱን የገዛሁት እየወረድኩ 72 ላይ ስደርስ ነው። ልክክ አለ። ሱቁ ውስጥ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ስል ሻጯ ሳቀችብኝ።

ሰው ሁሉ ያደንቀኝ ነበር። “ወይኔ ቀጥነሽ!” የማይል አልነበረም። ማንም ያላየው ሌላ ሌላው ነው። ሙቀት ባለበት ክፍል ውስጥ ሹራብ ደርቤ እቀመጣለሁ። በትንሽ ትልቁ እቆጣለሁ። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀረ። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልዬ ሳየው የእንቁላል አስኳል ያክላል። በማግስቱም እንደዚያው። ሻምፑ ቀየርኩ! ከምግቡ ጋር ጭራሽ አላገናኘሁትም። ፀጉር ከደረሰበት ጉዳት ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ እንደሚረግፍ ያኔ አላውቅም።

66 ላይ የቆየሁት ሦስት ሳምንት ነው።

እንዴት እንደተመለሰ በዝርዝር አልነግራችሁም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ቁርስ በላሁ። ከዚያ “በቃ አሁን እንደ ድሮዬ ልብላ” አልኩ። እንደ ድሮው ብቻም አይደለም። እራት በልቼ ተነስቼ ማድ ቤት ቆሜ ሌላ እበላለሁ። ጠግቤ ሳበቃ እንኳን ራብ የሚመስል ነገር አይለቀኝም። በ14 ወር 83 ደረስኩ። ከተነሳሁበት በሁለት ኪሎ ዘልሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ወደ ላይ ስመለስ 72 ላይ ስደርስ ያንን ጂንስ አወጣሁ። “ገና ነኝ፣ ይሄ እኮ በ72 የገዛሁት ነው” ብዬ። ዚፑ ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ። አልጋ ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሆዴን ሳብኩ። ቁልፉና ቀዳዳው መካከል ሦስት ጣት ይገባል። አጠባው አሳጥሮት ይሆናል ብዬ ወቀስኩት። ግን ጭኑ ጋ እንዲያውም ሰፋ ብሎኛል። የጠበበኝ ወገቡ ብቻ ነው። እዚያው አልጋው ላይ እንደተጋደምኩ ትዝ የሚለኝ ግራ መጋባቴ ነው። ቁጥሩ ያው ነው። ታዲያ ይሄ የማን ሰውነት ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ለእናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ሚዛን የሚነግራችሁ ጠቅላላ ድምሩን ነው። አጥንት፣ ውኃ፣ ጡንቻ፣ ስብ፣ አንጀት ውስጥ ያለው የትናንት እራት ሁሉ በአንድ ቁጥር ተደምሮ ነው የሚወጣው። በራብ ስንቀንስ ሰውነት ስብ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። በቂ ፕሮቲን ካልበላን፣ ጡንቻውንም ካላሠራነው ከጡንቻው ይበላል። ሲመለስ ግን በአብዛኛው ስብ ሆኖ ነው የሚመለስ። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 1.1 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ አንድ ኪሎ ጡንቻ ከአንድ ሊትር ያንሳል። ከጭኔ የሄደው ሥጋ ወገቤ ላይ ስብ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። ሚዛኑ አልዋሸም። የጠየቅኩት ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ያኔ ግን ይህን ስለማላውቅ ጥፋቱን ለሌላ ሰጠሁት። “ሜታቦሊዝሜ ሞቷል” አልኩ፤ ሰውነቴ ካሎሪ ማቃጠል ትቷል ማለቴ ነው። ዕድሜ ነው አልኩ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ አደረግኩ፤ ጤነኛ ነሽ ተባልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፋኝ። በሽታ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእኔ አይሆንም ነበራ። ምርመራውን ግን አትናቁት። ያለ ምክንያት ከከበዳችሁ ወይም ከቀነሳችሁ መጀመሪያ መመርመር ነው የሚሻለው። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አትቀንሱ። ከምግብ ጋር ድሮም ክፉ ጠብ ያላችሁ፣ በልታችሁ ለማስመለስ የምትሞክሩ ወይም ራሳችሁን በራብ የምትቀጡ ከሆነም ቀጥሎ የምጽፈውን መለካትና መመዘን ተዉት። ለእናንተ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚረዳ ባለሙያ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ በኋላ ያነበብኩት ነገር አፌን አዘጋኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት አለ። የሰውነት መጠን ግምት ውስጥ ገብቶ ሲታይ የምናቃጥለው ካሎሪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው። እኔ 36 ነበርኩ።

ታዲያ የእኔ ሂሳብ ለምን አልሠራ አለ? ሂሳቡ ትክክል ነው። ከምናቃጥለው በላይ ስንበላ ይከማቻል፣ ሲያንስ ይቀንሳል፤ ይህን ሕግ የሚያመልጥ ሰው የለም። እኔ የሳትኩት ወጪው ቆሞ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ገቢ ስለቀነሰ የቤት ኪራዩ በራሱ አይቀንስም። ሰውነት ውስጥ ግን ይቀንሳል።

ከምናቃጥለው ካሎሪ አብዛኛው፣ በብዙ ሰው ላይ ከ60 እስከ 70 በመቶው፣ ተኝተንም የሚቃጠል ነው። ልብ፣ ጉበት፣ አንጎል፣ ኩላሊት ሥራ አይፈቱም። 10 በመቶ ያህሉ ምግብ ለመፍጨት ይሄዳል። ቀሪው እንቅስቃሴ ነው። ትንሽ ሰውነት ትንሽ ያቃጥላል። በግምት 81 ኪሎ ሳለሁ በቀን 2,000 አካባቢ አቃጥል ነበር፤ 66 ላይ ስደርስ 1,700ም ላይሞላ ይችላል። “እንደ ድሮዬ ልብላ” ያልኩት የ81 ኪሎዋን ሴት ምግብ ነው። 81 ኪሎ አድርጎ ያቆየኝ ምግብ ወደ 81 ቢመልሰኝ ምን ይገርማል?

በዚያ ላይ የተራበ ሰውነት ይቆጥባል። እጅ መወዛወዝ፣ ቆም ቀመጥ ማለት፣ ደረጃ መውጣት ሳናውቀው ይቀንሳል። እኔ ያኔ ሪሞት ለማንሳት እንኳን “እስቲ አቀብሉኝ” የምል ሆኜ ነበር። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን እሰድብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ሙከራ ሳነብ ነው ለራሴ ያዘንኩት። አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ራብ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩቡን አጡ። ይበርዳቸው ነበር። ይበሳጩ ነበር። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው በልተው የማይጠግቡ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ይሰጣቸው ነበር። እኔ በገዛ እጄ ግማሹን ነበር የምበላው። ማድ ቤት ቆሜ የምበላው ስግብግብ ስለሆንኩ አልነበረም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ሙከራ ስጀምር 83 ኪሎ ነኝ። ለራሴ አንድ ቃል ብቻ ገባሁ፦ ዕድሜ ልኬን ላደርገው የማልችለውን ነገር አልጀምርም። ከዚህ ቃል ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ጾም አዳሪነት ቀረ። ሁለተኛ፣ በቀን የምቀንሰው ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ብቻ ሆነ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በቀን 350 ብትቀንሱ በሦስት ሳምንት አንድ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ያሰለቻል። ግን ፀጉሬ አልረገፈም።

350ውን ከየት ላምጣ? “እኔ እኮ ብዙ አልበላም” እል ነበር፤ ከልቤ። አንድ ቅዳሜ ምሳ ሳበስል እንደ ልማዴ ዘይቱን ከጠርሙሱ ወደ መጥበሻው አንቆረቆርኩ። ከዚያ ቆም አልኩና ሽንኩርቱን ሳልጨምር ዘይቱን ወደ ስኒ ገለበጥኩት። በሾርባ ማንኪያ እየለካሁ መለስኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ያልቃል ብዬ ነበር። አምስት ሆነና መጥበሻው ሥር የተጣበቀው ቀረ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። ለሁለት ሰው ምሳ 600 ካሎሪ ዘይት! ድርሻዬ 300። ያን ቀን በሁለት ማንኪያ ሠራሁት። ልዩነቱን የቀመሰ የለም።

ሻዩ ደግሞ አለ። በቀን አራት ስኒ፣ በስኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ወደ 190 ካሎሪ። “ምንም ሳልበላ ነው የዋልኩት” ስል የነበረው ይህን ጠጥቼ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በአንዴ አልተውኩትም፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ መጣሁ። አሁን ሦስት ማንኪያ ያለበት ሻይ ቢሰጡኝ ሽሮፕ ይመስለኛል።

በዚህ ብዙ አትፈሩ፤ የሚሳሳተው ሁሉም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ጥናት “ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላሁ አልቀንስ አልኩ” የሚሉ ሰዎችን ሲመረምር ሜታቦሊዝማቸው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የሚበሉትን በግማሽ ገደማ አሳንሰው፣ የሚንቀሳቀሱትን በግማሽ ያህል አጋነው ነበር የሚናገሩት። አውቀው የዋሹ አይመስለኝም። እኔም ስለዚያ ዘይት አልዋሸሁም። አላየሁትም እንጂ።

የእኔ ምክር፦ ዕድሜ ልካችሁን ካሎሪ አትቁጠሩ፤ ያሳብዳል። ለሁለት ሳምንት ብቻ ቁጠሩ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ምንም አትቀንሱ። እንደ ወትሮው እየበላችሁ መዝግቡ። ቀምሳችሁ የተዋችሁትን፣ ልጅ ያስተረፈውን፣ ማታ ቆማችሁ የቆረጠማችሁትን ኦቾሎኒ ሁሉ። እፍኝ ኦቾሎኒ ወደ 170 ካሎሪ ነው፤ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። በኔ ግምት ከዘይት፣ ከስኳር፣ ከሚጠጡ ጣፋጮችና ሳይራቡ ከሚቆረጠሙ ነገሮች ውጪ መሄድ ሳያስፈልግ ብዙ ሰው 350ውን ያገኛል። ፋብሪካ ያሸጋቸው ምግቦችም ራሳቸውን የቻሉ ወጥመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ሙከራ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ ብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪጠግቡ እንዲበሉ ተደረገ። በመጀመሪያው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ብልጫ በሉ፤ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋም ጨመሩ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ከቀነስኩት ይልቅ የረዳኝ የጨመርኩት ነው። በየማዕዱ ፕሮቲን እንዲኖር አደረግኩ፦ እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እርጎ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንደተገኘው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም በቀን ነው ያነጣጠርኩት። (ኩላሊት ላይ ችግር ያለበት ሰው ይህን ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።) ፕሮቲን ቶሎ ያጠግባል። ለመፈጨት ራሱ ከያዘው ካሎሪ ከ20 እስከ 30 በመቶውን ይበላል፤ ስብ ግን ቢበዛ 3 በመቶ ነው። ዋናው ነገር ግን ጡንቻን ያተርፋል።

ጡንቻ የሚተርፈው ደግሞ ሥራ ሲኖረው ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ ጂም ሄጄ ነበር፤ የምወጣው ትሬድሚል ላይ ብቻ ነበር። ማሽኑ “420 ካሎሪ” ሲለኝ ለራሴ ኬክ እሸልም ነበር። ማሽኑ ያጋንናል። ያልተጋነነም ቢሆን ሳልንቀሳቀስ የማቃጥለውን ደምሮ ነው የሚያሳየው። ለ80 ኪሎ ሰው የግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ከመቀመጥ በላይ የሚያቃጥለው 100 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ስፖርትን እንደ ሥርየት አትዩት። የበሉትን ማውጫ አይደለም።

በሁለተኛው ዙር በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ነው የጀመርኩት። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ፣ ውኃ የተሞላ ጄሪካን ማንሳት። መጀመሪያ ቀን ግድግዳው ላይ ስድስት ፑሽአፕ ሠርቼ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከስምንት ወር በኋላ ወለሉ ላይ ስድስት ሠራሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር ሥራ ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው ሁላችንም የምንዘለው። “ጡንቻ ካለሽ ተኝተሽም ካሎሪ ታቃጥያለሽ” የሚሉት ግን ተጋኗል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ሥራ ሳይዝ በቀን 13 ካሎሪ ያህል ነው የሚያቃጥለው። ጡንቻ የሚጠቅመው ለሌላ ነው፦ ደረጃ ለመውጣት፣ ዕቃ ለማንሳት፣ ስኳርን ከደም ለማንሳት፣ ስታረጁ ሳይደግፏችሁ ለመነሳት።

ስለ ሚዛን አንድ ታሪክ። አምስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት ስመዘን ከትናንቱ 1.6 ኪሎ ጨምሬ አገኘሁት። መታጠቢያ ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። ልተወው ነበር። ከዚያ የሂሳብ ሠራተኝነቴ መጣብኝ። 1.6 በ7,700 ሲባዛ 12 ሺህ ያልፋል። ይህን ያህል ስብ በአንድ ሌሊት ለመጨመር ቀኑን ካቃጠልኩት በላይ ከመቶ ማንኪያ የበለጠ ዘይት መጠጣት ነበረብኝ። ማታ የበላሁት ጨው የበዛበት ምግብ ነው፤ የወር አበባዬም ደርሶ ነበር። ውኃ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ሄደ።

የመጀመሪያ ሳምንት ተአምርም ያው ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስታርች፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። “በሳምንት አራት ኪሎ” የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚነግዱት በዚህ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ሳትበሉ ተመዘኑ፤ የምታወዳድሩት ግን የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ይሁን። ሴቶች ከቻላችሁ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር። የስብ መጠን እናሳያለን የሚሉት የቤት ሚዛኖች ውኃ ስትጠጡ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ ብዙ አትመኑባቸው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበልጣቸዋል። ወገባችሁን እምብርት አካባቢ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ለኩ። ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ለእኔ ከ82 ሳንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። ስጀምር 99 ነበር።

አሥረኛው ወር ላይ 72 ገባሁ። ጂንሱን ከቁም ሣጥን አወጣሁ፤ እጄ ፈርቶ ነበር። ዚፑ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ቁልፉ ተቆለፈ። ከዚያ ወገቡ ላይ አራት ጣት አስገብቼ ጎተት አደረግኩት፤ ሰፊ ነው። ጭኑ ደግሞ ሞላ ብሏል። ልክ ያንኑ ቁጥር ሆኜ፣ ያንኑ ሱሪ ለብሼ፣ ቀበቶ አስፈለገኝ። እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። “ስንት ኪሎ ሆንሽ?” አለችኝ። ስነግራት “ሂጂ፣ ሚዛንሽ ተበላሽቷል” አለች።

ከአራት ወር በኋላ 70 ላይ ደረስኩ። እዚያ ላይ ሆን ብዬ አቆምኩ። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያወዳድረው ቢኤምአይ የሚባል ሠንጠረዥ ለቁመቴ ከ67 ኪሎ በላይ አይፈቅድም፤ በእሱ ሂሳብ 70 ሆኜ 26 ነኝ፣ ከልኩ አንድ ነጥብ ያህል አልፌያለሁ። ሠንጠረዡ ለብዙ ሰው በጥቅል ሲታይ ይጠቅማል። ጡንቻና ስብ ግን አይለይም። ወገቤ 79 ነው፤ ስኳሬ ወደ ልኩ ተመልሷል። ሦስቱን ኪሎ ለማውረድ የሚያስፈልገው ራብ የማልኖርበት ዓይነት ስለሆነ ተውኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። መቀነስ 14 ወር ወሰደ፤ መቆየት ሦስት ዓመት ሆነው፣ ይቀጥላልም። ማንም ያልነገረኝ ነገር የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከመቀነሱ የባሱ መሆናቸው ነው። ሚዛኑ መውረድ ያቆማል። ሰው ማድነቅ ያቆማል። ራቡ ግን አያቆምም። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የተባለው የጥጋብ ሆርሞን አብሮ ይቀንሳል፤ አንጎላችሁ ድርቅ የገባ ይመስለዋል። ይህን ማወቄ ብቻ ግማሽ መድኃኒት ሆነልኝ። ራብ ሲመጣ “ወይ ድካሜ!” ማለት ትቼ “ሥራውን እየሠራ ነው” እላለሁ፤ ከዚያ ምስሬን እበላለሁ።

ምግቡን የጨመርኩት ቀስ ብዬ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 100 ካሎሪ ያህል፣ የሚዛኑ የሳምንት አማካይ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ። የእኔ 1,900 አካባቢ ቆመ። ከዚያ ቀይ መስመር አሰመርኩ፦ የሳምንት አማካዬ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከ71.5 ካለፈ ወደ ማንኪያው እመለሳለሁ። ዘይቱን እለካለሁ፣ የማታውን ቁርጥም እተዋለሁ፤ ሌላ ምንም የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሁለት ኪሎን መልሶ መቀነስ የአንድ ወር ተኩል ሥራ ነው። 13 ኪሎን መቀነስ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ መዝገብ አለ። አብዛኞቹ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይመዘናሉ፤ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ክብደት ለመቀነስ ስፖርት ደካማ ነው፤ ለመቆየት ግን ብርቱ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ክብደት ስለሚቀንሱት አዲሶቹ መርፌዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አልወሰድኩም፤ የሚወስድንም አልወቅስም። ለሚያስፈልገው ሰው፣ ሐኪም አዝዞ እስከተከታተለው ድረስ፣ ይሠራሉ። ነገር ግን ከእነዚህ መርፌዎች አንዱን፣ ሴማግሉታይድን፣ ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል መልሰው እንደጨመሩ በጥናት ታይቷል። በመርፌም ስትቀንሱ ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮቲኑንና ጄሪካኑን አትተዉ።

ትናንት 69.8 ነበርኩ። ማታ ጓደኛዬ ልደት ላይ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ኬኩንም ደገምኩ። ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ 71.3 አለኝ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ጂንሴን ለብሼ ሻይ ልጥድ ሄድኩ። ስኳር አንድ ማንኪያ።